ስሙ የዝንጅብል፣ ሥራው የሞላሰስ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በየቤቱ ሲጋገር የኖረ ኩኪስ አለ። መልኩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ የስኳር ቅንጣት ያብለጨልጫል፤ ፊቱ በበጋ እንደ ደረቀ የዋልካ መሬት የተሰነጣጠቀ ነው፤ ጠርዙ ኮሽ ሲል መሐሉ ለስልሶ ጥርስ ላይ ያዝ ያደርጋል። የሚጠራው የዝንጅብል ኩኪስ ተብሎ ነው። ገና ከኦቨን ሳይወጣ ቤቱን የሚሞላው ሽታም የዝንጅብል፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ስለሆነ ስሙን የሚጠራጠር የለም። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ ግን ስሙ ለዝንጅብል ከድርሻው በላይ ሰጥቶታል የሚል ነው። ቀለሙን፣ ልስላሴውንና ለቀናት ሳይደርቅ መቆየቱን ያመጣው፣ ስንጥቁም እንዲያምር መንገዱን የከፈተው፣ በሩብ ኩባያ መጠን የሚጨመረው ጥቁር፣ ወፍራምና መረር ያለ ሽሮፕ፣ ማለትም ሞላሰሱ ነው። ነገሩ ማን ይመስገን የሚል ክርክር ብቻ ቢሆን ምዕራፍ ባልተጻፈለት። ቤቱ የሚጋግር ሰው ግን የትኛውን መቀነስ፣ የትኛውን መተካት፣ የትኛውን ደግሞ ጨርሶ አለመንካት እንዳለበት የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ሲለይ ነው።

ሞላሰስ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። ከሸንኮራ አገዳ የተጨመቀው ጭማቂ ተጣርቶ ሲፈላ ውሃው ይተናል፤ ስኳሩም እየረጋ ቅንጣት ይሆናል። ቅንጣቱ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። በውስጡ ገና ሊወጣ የሚችል ስኳር ስላለ እንደገና ይፈላል፣ እንደገናም ይለያል። ከመጀመሪያው ዙር የሚገኘው ቀለሙ ፈዘዝ ያለና ጣፋጭ ነው፤ ከሁለተኛው የሚገኘው ጠቆር ብሎ መረር ይላል፤ ከሦስተኛው የሚቀረው ደግሞ ምሬቱ ከጣፋጭነቱ የሚያይል ነው። ለምግብ ከሚሸጠው ሞላሰስ 100 ግራም ውስጥ ወደ 22 ግራም የሚሆነው ውሃ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ስኳር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስኳር ሰሃን ላይ ከምናውቀው ነጭ ስኳር ይለያል። ፋብሪካው የሚፈልገው የሚረጋውን ስኳር ነው፤ ስለዚህ በየዙሩ ሞላሰሱ ውስጥ እየተከማቸ የሚሄደው አልረጋም ያለው፣ ማለትም ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉት ናቸው። ከእነርሱ ጋር ከአገዳው የመጡ አሲዶች፣ እንደ ብረት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት፣ በመፍላት ብዛትም የተፈጠሩ ጥቁር የቀለምና የጣዕም ውህዶች ይቀራሉ። ፋብሪካው እንደ እንቅፋት የሚቆጥራቸው እነዚህ ነገሮች ለኩኪሱ መሣሪያዎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል፤ ሞላሰስ የከብት መኖ አይደለም እንዴ? ልክ ነው። የኔዘርላንድሱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ መተሐራና ፊንጫኣም ከተከተሉ በኋላ፣ ሞላሰስ በአገራችን የሚታወቀው ከገለባና ከፉርሽካ ጋር እየተደባለቀ ከብት ሲደለብበት ነው። በፊንጫኣ ኤታኖል ይመረትበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም ይኸው ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለአዲስ አበባ መኪኖች ነዳጅ መሆን ጀምሮ ነበር። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የጥንቃቄ ነው፤ ለመኖ የሚሸጠው የመጨረሻው ዙር ዝቃጭ ነው፤ የሚቀመጥበትም ሆነ የሚጓጓዝበት ዕቃ ለሰው ምግብ ታስቦ ስላልተዘጋጀ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም። ለኩኪስ የሚሆነው ለምግብ ተብሎ የታሸገው፣ በተለይም የሰልፈር ጋዝ ያልገባበት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን የአስተሳሰብ ነው። አንድ ነገር ተረፈ ምርት መሆኑ የሚነግረን ለዋናው ምርት እንዳልተፈለገ እንጂ ለሌላ ሥራ እንደማይበጅ አይደለም። ሞላሰስ ለኩኪሱ የሚበጅበትን ምክንያት ደግሞ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ መያዙ ነው። በነጭ ስኳር ብቻ የተጋገረ ኩኪስ ትኩስ እያለ ለስላሳ ቢሆንም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሊጡ ውስጥ የሟሟው ስኳር ተመልሶ ስለሚረጋ። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲገቡበት ይህን መርጋት ያደናቅፋሉ፤ ከዚያም አልፎ ፍሩክቶስ እርጥበትን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከአየር ላይ እንኳ የሚስብ ስኳር ነው። ውጤቱን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሞላሰስ ያለበትንና የሌለበትን ኩኪስ በአንድ ቀን ጋግሮ በሁለት ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ማሳደር ይበቃል። በማግስቱ ነጩ ደርቆ ሲገኝ ጥቁሩ ከትናንትናው ይብስ ለስልሶ፣ ቅመሙም ተዋሕዶ ይገኛል። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን ያለው ዝንጅብል ቢገባ እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም፤ ዝንጅብል ውሃ በመያዝ ረገድ ድርሻ የለውምና።

ይህ ባሕርይ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የሚያሳየው በማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ያለችው የማርብልሄድ ከተማ ታሪክ ነው። ከአሜሪካ አብዮት በኋላ ጆሴፍ ብራውን የሚባል፣ በጦርነቱ የተሰለፈ ጥቁር አሜሪካዊ ከሚስቱ ከሉክሪሺያ ጋር በከተማዋ የመጠጥ ቤት ነበረው። ከዚያ ቤት ወጣ የሚባለውና እስከ ዛሬ ጆ ፍሮገር በሚል ስም የሚጋገረው ኩኪስ ትልቅ፣ ጠፍጣፋና ጥቁር ነው፤ ዱቄት፣ ሞላሰስ፣ ቅመም፣ ስብ፣ ሩምና ጨው ያለበት ውሃ ነው የሚገባበት። እንቁላልና ወተት የለውም። በከተማዋ እንደሚነገረው ዓሣ አጥማጆች ወደ ባሕር ሲወጡ በበርሜል ሞልተው ይዘውት ይሄዱ የነበረው ሳይበላሽና እንደ ድንጋይ ሳይደርቅ ስለሚቆይላቸው ነው። መርከበኛ የሚይዘው ሌላው ደረቅ ብስኩት ካልተነከረ የማይበላ ነበር። ጆ ፍሮገር በዚያ መካከል ለስላሳ ሆኖ የቆየው ዱቄቱን ያሰረው ሽሮፕ ውሃውን አልለቅም ስላለ ነው።

አንድ ከተማ ማስረጃ ለመሆን አይበቃም የሚል ካለ ወደ አውሮፓ መመልከት ይችላል። የጀርመኗ ኑረምበርግ በቅመም ኬኳ በሌብኩኸን ትታወቃለች፤ ለዚህ ያበቃት ከቅመም ንግዱ ባሻገር በዙሪያዋ ካለው ጫካ የሚገኘው ማር ነበር። የፈረንሳዩ የቅመም ዳቦም በማር ይሠራል። በእንግሊዝ ዮርክሻየር የሚጋገረው ፓርኪን የአጃ ዱቄትና የሞላሰስ ዘመድ የሆነው ትሪክል አለበት፤ የአካባቢው ሰውም ተጋግሮ ጥቂት ቀን ካልቆየ አይበላውም። በእነዚህ ሁሉ ቅመሙ ይለያያል። አንዱ ዘንድ ዝንጅብል ይበረታል፣ ሌላው ዘንድ አኒስ፣ ሌላው ዘንድ ቀረፋና ቅርንፉድ። ሁሉንም የሚያገናኘው አልረጋ ያለ ስኳር የበዛበት ሽሮፕ ነው። አንድ የምግብ ቤተሰብ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚቀያየረው ጌጡ፣ የማይቀያየረው ምሰሶው ነው ብለን ከተነሣን ምሰሶው የትኛው እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ምክንያት አሲዱ ነው። ሞላሰስ ለምላስ ጣፋጭ ቢሆንም በኬሚስትሪ ሲለካ አሲድነት አለው። ይህን የአሜሪካ ጋጋሪዎች ስሙን ሳያውቁት ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1796 በሃርትፎርድ የታተመውና በአሜሪካዊ ደራሲ የተጻፈ የመጀመሪያው የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚባለው የአሚሊያ ሲመንስ ሥራ ለሞላሰስ ጂንጀርብሬድ 4 ፓውንድ ዱቄት፣ 1 ኳርት ሞላሰስና 4 አውንስ ብቻ ቅቤ ያዛል፤ ማስነሻው ከእንጨት አመድ ተጣርቶ የሚወጣው ፐርልአሽ ነው። ፐርልአሽ አልካሊ ነው፤ ከሞላሰሱ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ጋዙም ሊጡን ያነሳል። እርሾ ሳይጠበቅ፣ እንቁላል ሳይመታ፣ ሊጥ በራሱ የሚነሳበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ጆን ድዋይትና ኦስቲን ቸርች በአሜሪካ ቤኪንግ ሶዳ ማምረት ከጀመሩ በኋላ የፐርልአሽን ቦታ ሶዳው ወሰደ፤ ሥራው ግን ያው ነበር። የዱሮ ባለሙያዎችም ለአንድ ኩባያ ሞላሰስ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ የሚል ቀላል ሕግ ነበራቸው።

ይህንን ሕግ የያዘ አስተዋይ አንባቢ ግን ከዛሬው አሠራር ጋር አስተያይቶ ጠንካራ ተቃውሞ ማንሳት ይችላል። ዛሬ የሚጋገረው ኩኪስ ሩብ ኩባያ ሞላሰስ ይዞ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይጨመርበታል። በሕጉ መሠረት ለሩብ ኩባያ የሚበቃው ሩብ የሻይ ማንኪያ ነው። የቀረው ሶዳ የሚገናኘው አሲድ ከሌለ የሞላሰሱ አሲድ ያነሳዋል የሚለው ነገር ፈረሰ አይባልም? ስሌቱ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ሶዳ አሲድ ባያገኝም በኦቨኑ ሙቀት ራሱ እየተበተነ ጋዝ ይለቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ የተረፈው አልካሊ ሌላ ሥራ አለው፤ የዱቄቱን ግሉተን ያላላል፣ ኩኪሱ እንዲዘረጋ ያደርጋል፣ ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ተዋሕደው የሚያመጡትን መጥቆርና መዓዛም ያፋጥናል። ችግሩ በነጭ ኩኪስ ላይ ይህን ያህል ሶዳ ቢጨመር ሳሙና ሳሙና ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ሞላሰሱ ተመልሶ የሚገባው። አሲዱ ከፊሉን አልካሊ ይገድላል፤ ምሬቱና ጠንካራ ጣዕሙ ደግሞ የተረፈውን ይሸፍናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሶዳ እንዲገባ ፈቃድ የሰጠው ሞላሰሱ ነው፤ እርሱ ቢወጣ ሶዳው መቀነስ አለበት፤ ሶዳው ሲቀንስ መዘርጋቱም ስንጥቁም አብረው ይቀንሳሉ።

እንግዲህ ዝንጅብልስ? ኩኪሱን የቀመሰ ሰው የሚያስታውሰው ጉሮሮ ላይ የሚቀረውን መፋጀት ነው፤ ይህም የዝንጅብል ነው፤ መካድ አይቻልም። እንዲያውም ደረቁ ዝንጅብል ለዚህ ሥራ ከእርጥቡ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። እርጥብ ዝንጅብልን የሚያፋጀው ጂንጀሮል የሚባል ውህድ ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ውሃ አጥቶ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ደግሞ ይበልጥ ይፋጃል። እርጥቡ ሲበስል በአንጻሩ ወደ ዚንጀሮን፣ ማለትም ለስለስ ወዳለና ጣፈጥ ወዳለ ውህድ ያደላል። ስለዚህ በወላይታና በከምባታ ማሳ የሚበቅለው ደርቆና ተፈጭቶ ሲገባ ኩኪሱን ያሞቃል፤ እርጥቡ ተፍቆ ቢገባ መዓዛው ደስ ቢልም መፋጀቱ ይደክማል፣ ሊጡም ውሃ ይበዛበታል። ይህን ሁሉ ተቀብለን ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ዝንጅብሉ ቢወጣ ምን ይቀራል? ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የተሰነጣጠቀ፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ሽታ ያለው ኩኪስ ይቀራል፤ ስሙ ቢቀየርም ኩኪስነቱ አይጎድልም። ሞላሰሱ ወጥቶ ዝንጅብሉ ቢቀርስ? ፈዛዛና ደረቅ፣ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚል ብስኩት ይሆናል። ዝንጅብል የኩኪሱን ጣዕም ይሰይማል፤ ኩኪሱን የሚሠራው ግን እርሱ አይደለም።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ከታሪክ በኩል ይመጣል። ሞላሰስ ወደ ኒው ኢንግላንድ ማድቤት የገባው በኬሚስትሪው ተመርጦ አልነበረም፤ በርካሽነቱ ነበር። ርካሽ ያደረገውም ጨለማ ታሪክ አለው። በካሪቢያን ደሴቶች አገዳውን የሚያርሱት፣ የሚቆርጡትና የሚያፈሉት ከአፍሪካ ተግዘው የሄዱ ባሮች ነበሩ። ፈረንሳይ የራሷን ብራንዲ ነጋዴዎች ለመጠበቅ ስትል የደሴቶቿን ሩም ስለገፋች የፈረንሳይ ደሴቶች ሞላሰስ ገዢ አጥቶ በርካሽ ወደ ኒው ኢንግላንድ ይጎርፍ ነበር። እዚያ ሩም ይጠመቅበታል፤ ከሩሙም ከፊሉ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ሄዶ እንደገና ሰው ይገዛበታል። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1733 በውጭ ሞላሰስ ላይ በጋሎን 6 ፔንስ ቀረጥ ሲጥል ነጋዴው ኮንትሮባንድን መረጠ፤ በ1764 ቀረጡ ወደ 3 ፔንስ ቢወርድም በጥብቅ መሰብሰቡ ቅሬታውን አባሰው። ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በስተርጅና በጻፈው ደብዳቤ ሞላሰስን ከአሜሪካ ነፃነት መነሻዎች አንዱ አድርጎ ለመቁጠር አላፈረም። እንዲህ ከሆነ ተቃዋሚው ይላል፣ ሞላሰስ በኩኪሱ ውስጥ የተገኘው ነጭ ስኳር መግዣ ስላልነበረ ነው፤ ዛሬ አስፈላጊ ነው ማለት የድህነትን ልማድ ጥበብ ብሎ መጥራት ነው።

ለዚህ ተቃውሞ ታሪኩ ራሱ መልስ ይሰጣል። ነጭ ስኳር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ረክሶ በየቤቱ ሲገባ ሞላሰስ ከብዙ ቦታ ለቀቀ። ከሚጠጣው ነገር ወጣ፤ ከአብዛኛው ኬክ ወጣ። በርካሽነቱ ብቻ ገብቶ ከነበረ ከሁሉም መውጣት ነበረበት። አልወጣም። በጭቃ ድስት ለረጅም ሰዓት ከሚበስለው የቦስተን ቦሎቄ፣ በእንፋሎት ከሚበስለው ጥቁር ዳቦ፣ ከዝንጅብል ኬክና ከዝንጅብል ኩኪስ ጋር ቀረ። እነዚህን የሚያገናኛቸው ነገር አለ፤ በሁሉም ውስጥ ሞላሰሱ ከማጣፈጥ ሌላ ሥራ ነበረው። ቦሎቄው ላይ አሲዱና ካልሲየሙ ፍሬው እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ዳቦውና ኩኪሱ ላይ ከሶዳው ጋር ይሠራል፤ እርጥበትም ይይዛል። ማጣፈጥ ብቻ በነበረበት ቦታ ነጩ ስኳር ተካው፤ ሌላ ሥራ በነበረው ቦታ ግን የሚተካው አልተገኘም። ድህነት አስገባው፤ ያቆየው ግን ሥራው ነው። የባሮቹ ላብ ታሪክም በዚህ አይሠረዝም፤ የሚጣፍጠን ነገር በምን ዋጋ እንደመጣ ማወቅና ለምን እንደሚጣፍጥ ማወቅ ሁለቱም የአንድ አንባቢ ድርሻ ናቸው።

ሞላሰስ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ላለ ሰው ይህ ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሊመስል ይችላል፤ እንዲያውም የመከራከሪያው ጥቅም ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ምትክ ሲፈለግ የሚጠየቀው ይጣፍጣል ወይ ተብሎ ሳይሆን አሲድ አለው ወይ፣ የማይረጋ ስኳር በዝቶበታል ወይ፣ መረር ይላል ወይ ተብሎ ነው። ቡናማ ስኳር በፋብሪካ ትንሽ ሞላሰስ የተመለሰለት ስኳር ስለሆነ ደካማ ዘመድ ነው፤ ከሞላሰስ ጋር አብሮ መግባቱ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ማር አሲዱም ፍሩክቶሱም ስላለው ልስላሴውን ይሰጣል፤ ምሬቱና ጥቁረቱ ግን ይጎድለዋል፤ የማር ሽታውም ቅመሙን ይሻማል። በእስራኤልም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አበሾች በየሱቁ የሚገኘው የተምር ሽሮፕ ከማር የተሻለ ምትክ ነው፤ ጥቁር ነው፣ በግሉኮስና ፍሩክቶስ የተሞላ ነው፣ አሲድም አለው፤ ከሞላሰስ የሚያንሰው በምሬት ብቻ ነው። እንግሊዝ ያለ ጥቁር ትሪክል ይጠቀም። አሜሪካ ያለ ደግሞ ከሱፐርማርኬቱ የሚመርጠው ፈዘዝ ያለውን ወይም መካከለኛውን ነው፤ የመጨረሻው ዙር ጥቁር ሞላሰስ በማዕድኑ ቢመሰገንም ኩኪሱን ያመርረዋል።

መርሁ ከተያዘ አሠራሩ አጭር ነው። ወደ 32 ኩኪስ ለማውጣት 280 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ አንድ ላይ ይነፋሉ። በሌላ ሳህን 170 ግራም ለስለስ ያለ የገበታ ቅቤ ከ200 ግራም ቡናማ ስኳር ጋር ነጣ እስኪል ይመታል፤ 1 እንቁላል፣ ቀጥሎም 85 ግራም ሞላሰስ ይጨመርበታል። መስፈሪያው ቀድሞ ዘይት ከተቀባ ሞላሰሱ ሳይጣበቅ ይወርዳል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ነጩ እስኪጠፋ ብቻ ማዋሐድ ይበቃል፤ ብዙ ማሸት ግሉተኑን ያጠነክራል። ሊጡ ሲጨረስ የሚያጣብቅና የሚንጠለጠል ስለሚሆን ዱቄት ልጨምር ያሰኛል። መጨመር አይገባም፤ ያ እርጥበት የተፈለገው ነው። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ቅቤው ይረጋል፣ ዱቄቱም ውሃውን ይጠጣል፤ ያኔ በእጅ ይያዛል።

የረጋው ሊጥ 25 ግራም ገደማ እየሆነ በመዳፍ ይድቦለቦልና በስኳር ላይ ይንከባለላል። ስኳሩ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ የኩኪሱን ቆዳ እርጥበት ስለሚስብ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል። ውስጡ በሶዳው ጋዝ ገና እየተነሳ ስለሆነ የደረቀውን ቆዳ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው በዚህ ሽኩቻ ነው። ድቡልቡሉ ሳይዳጥ፣ በመካከሉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተተወ በወረቀት በተሸፈነ ትሪ ይደረደራል፤ በ180 ዲግሪ ሴልሲየስ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። የብዙ ሰው ኩኪስ የሚበላሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ሊጡ ከመነሻው ጥቁር ስለሆነ እንደ ነጭ ኩኪስ በመልኩ መብሰሉን መለየት አይቻልም። ምልክቱ ጠርዙ ነው፤ ጠርዙ ሲነካ ጸንቶ፣ መሐሉ ግን ተነፍቶና በስንጥቁ ውስጥ እርጥበቱ እየታየ ያልበሰለ ሲመስል መውጣት አለበት። ትኩስ ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ሲቀመጥ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል፤ መሐሉም ወረድ ብሎ ስንጥቁ ይጎላል። በስሎ እንዲወጣ የጠበቀ ሰው ሞላሰሱ ሊይዝ የመጣውን ውሃ በኦቨን አባክኖታል።

ይህ መጠን የተቀመረው ለባሕር ዳርቻ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ጋዝ ይበልጥ ይነፋል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ ይተናል። ያው ሊጥ እዚያ ሲጋገር ሳይጸና ይነፋና ጠፍጥፎ ይወድቃል። መፍትሔው ሶዳውን ወደ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ማውረድ፣ ከስኳሩ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ መቀነስ፣ ዱቄቱ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ መጨመር ነው። ስኳር ሲቀነስ አብሮ ሞላሰሱንም የመቀነስ ፈተና ይመጣል። ግን ደረቅ አየር ባለበት አገር ውሃ የሚይዘውን ነገር መቀነስ አይመከርም፤ የሚቀነሰው ከደረቁ ስኳር ነው። ለጾም መጋገር የሚፈልግም ወደ ማርብልሄድ መመለስ ይችላል። በገበታ ቅቤው ፋንታ ወተት የሌለበት የአትክልት ቅቤ ይገባል፤ በእንቁላሉ ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተጨምሮ ሞላሰሱ ወደ 110 ግራም ከፍ ይላል። እንቁላል የሚሰጠውን የማያያዝ ሥራ ወፍራሙ ሽሮፕ በአብዛኛው ይሸፍነዋል። ሌላ ኩኪስ ያለ እንቁላልና ቅቤ ሲጋገር የጎደለው ነገር ይታወቅበታል፤ ይህኛው ግን ከጥንቱም ያለ እነርሱ የተጋገረባቸው ቤቶች ነበሩት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ ለኪስም ለጣዕምም ይበጃል። ቅመሙ የጋጋሪው ምርጫ ነው፤ ዝንጅብሉን ማሳደግ፣ ቅርንፉዱን መተው፣ ኮረሪማ መሞከር ይቻላል፤ ኩኪሱ ጣዕሙን ይለውጣል እንጂ አይፈርስም። ቅቤውንና እንቁላሉን ጥንቃቄ አድርጎ መተካት ይቻላል። ሞላሰሱን ግን መለወጥ የሚፈልግ ሰው ሶዳውን፣ እርጥበቱንና የኦቨን ሰዓቱን አብሮ ለማስላት መዘጋጀት አለበት፤ እርሱ ሲነካ ሌላው ሁሉ ይናጋልና። ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ጥሩ ነገር ብቻ ከሆነም ውድ ቅመም ከመግዛት ይልቅ ለምግብ የታሸገ ጥሩ ሞላሰስ መግዛት ይሻላል፤ ዝንጅብሉ ከጉልቱ የተገዛው ይበቃል።